ከድፍን ቆዳ ቀጥ ያለ ማሰሪያ ሲቆርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ሐረር ቆዳ መሥራት የጀመሩ ልጆች አልፎ አልፎ ቤቴ ይመጣሉ። የያዙት የቦርሳ ማንገቻ ወይም ቀበቶ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት እንደ እባብ ይጠማዘዛል። "እጄ አልረጋ አለኝ" ይሉኛል። እኔ ግን እጃቸውን አልወቅስም። ማሰሪያ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቢላው ቆዳውን ከመንካቱ በፊት ነው።

የቆዳውን ጠርዝ ማመን

ከሁሉም የሚብሰው ይኼ ነው። ድፍን የከብት ቆዳ ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም። ጀማሪ ግን ቀጥ ያለ የሚመስለውን ጎን ይመርጥና ከዚያ 4 ሳንቲ ሜትር እየለካ ይቆርጣል። ጠርዙ የጎበጠ ከሆነ ማሰሪያውም አብሮ ይጎብጣል። ጎኑ ላይ መለኪያ፣ ጫፉ ላይ ስለት ያለው ማሰሪያ መቁረጫ ገዝተውም ያው ነው። መሣሪያው የሚከተለው ጠርዙን ነውና።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያውጡ። ለዚህ ረጅም ማስመሪያ ያስፈልጋል። በ30 ሳንቲ ሜትር የተማሪ ማስመሪያ እያስጠጉ መስመር ሲቀጥሉ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይዛባል። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ጎራ ብለው 1 ሜትር ተኩል ቁራጭ ይጠይቁ፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ወረቀት ላይ መስመር ያስምሩበት፤ ከዚያ ገልብጠው በዚያው መስመር ላይ ድጋሚ ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከገጠሙ ቀጥ ነው፤ መሃል ላይ ከተለያዩ ይተዉት።

ሦስት አራት ማሰሪያ ካወጡ በኋላ ጠርዙን እንደገና ያስተካክሉ። ትንሽ ስህተት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ያድጋል።

ሸሪፍ ሐረር ሙዚየም ከገቡ በቆዳ የተደጎሱትን የድሮ መጻሕፍት ጠርዝ ልብ ብለው ይዩልኝ። እኔ ዓይኔን ያሠለጠንኩት እዚያ ቆሜ ነው።

ከሆዱ መቁረጥ

ቆዳ ሁሉ ቦታው አንድ አይደለም። የጀርባው ክፍል ጥብቅ ነው፣ ውፍረቱም ብዙም አይለያይም። የሆዱ ክፍል ልል ነው፣ ይለጠጣል። አንገቱ መጨማደድ ይበዛዋል። አንድ ጊዜ ቆዳ እንዳይባክን ብዬ ከሆዱ አካባቢ የቦርሳ ማንገቻ አወጣሁ። ሲቆረጥ ቀጥ ያለ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ተለጥጦ አንድ ጎኑ ተንጋደደ፤ ለደንበኛዬ በሌላ ቀየርኩላት። ከዚያ ወዲህ ክብደት ለሚሸከም ማሰሪያ ከጀርባው፣ የጀርባ አጥንቱን መስመር ተከትዬ ነው የምቆርጠው። የሆዱን ለቁልፍ መያዣና ለትናንሽ ነገር አስቀምጠዋለሁ። ከተጠራጠሩ በሁለት እጅ ይዘው ይሳቡት፤ ልል ቆዳ ወዲያው ይታወቃል።

በእስክሪብቶ ማስመር

በዕፅ የተለፋ፣ ቀለም ያልተቀባ ቆዳ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አይለቅም። በወስፌ ጫፍ ቀለል አድርገው ይጫሩ። ስፋቱን በሁለቱ ጫፍ ብቻ ሳይሆን መሃል ላይም ይለኩ።

በአንድ ምት ለመጨረስ መቸኮል

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። የቀበቶ ቆዳ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በኃይል ሲጫኑት ቢላው ይንሸራተታል፣ ጣትም ያገኛል። መጀመሪያ ቀለል ባለ እጅ መንገድ ያውጡለት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንኑ መንገድ ተከትሎ ይወርዳል። ቢላውን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ካዘመመ ከላይ ልክ የሆነው ማሰሪያ ከታች ይሰፋል ወይም ይጠባል። በካተር የሚሠሩ ከሆነ ምላጩን ብዙ አያውጡት፤ ረጅም ምላጭ ይተጣጠፋል። ጫፉ ሲደንዝ ይስበሩት፣ አይሰስቱ።

ማስመሪያውን የሚወጣው ማሰሪያ ላይ ያሳርፉ። ቢላው ቢያመልጥ ወደ ቀሪው ቆዳ ይሄዳል፤ እሱን መልሰው ማስተካከል ይችላሉ። ማስመሪያው የሚንሸራተት ከሆነ ከሥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይለጥፉበት። ከቆዳው በታች ደግሞ ወፈር ያለ ፕላስቲክ ያንጥፉ። ሴራሚክ ምላጩን ያደነዝዛል፤ ጣውላም ስንጥቁ ቢላውን ወደ ራሱ መስመር ይስባል።

ተጠቅልሎ የከረመ ቆዳ ወዲያው አይቁረጡ፤ ዘርግተው ያሳድሩት። የድሬዳዋ ሙቀት ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ይገትረዋል። እዚያ ያላችሁ ከፀሐይ አርቁት። ለማለስለስ ብላችሁ ግን ውኃ አትርጩበት፤ እርጥብ ቆዳ በቢላው ሥር ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ልኩ ይለወጣል።

ሳይለኩ ርዝመት መወሰን

የሱሪ ቁጥር የቀበቶ ልክ አይደለም። ሰውየው የሚያደርገውን ቀበቶ ይቀበሉና ከዘለበቱ ሥር እስከሚቆልፍበት ቀዳዳ ይለኩ። ለዘለበቱ የሚታጠፈውንና ከቀዳዳው የሚያልፈውን ጫፍ ይጨምሩ። ዘለበቱንም ቀድመው ይግዙ። የውስጡ ስፋት 3.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የ4 ሳንቲ ሜትር ማሰሪያ ምንም ያህል ቀጥ ቢል አይገባበትም።