ኒውዮርክ ሰዓት ሲቀይር የድሬዳዋ ሪፖርት እንዳይዛባ

ድሬዳዋ ውስጥ ለቡና ላኪዎች ዳታቤዝ እሠራለሁ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ ቡናው የሚወጣባት ጅቡቲም አትቀይርም። ሁለታችንም ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት እንቀድማለን። ገዢዎቻችን ግን ይቀይራሉ። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፣ በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። ጀርመን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ታደርገዋለች። በዚህ የተነሳ የኒውዮርክ እኩለ ሌሊት እኛ ጋ አንዳንዴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አንዳንዴ 2 ሰዓት ነው። ማርች ላይ ደግሞ ኒውዮርክ ቀይሮ የጀርመኗ ሐምቡርግ ሳትቀይር ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያልፋል።

ከሰው በተረከብኳቸው ኩዌሪዎች (ከዳታቤዝ መረጃ የሚያወጡ ጥያቄዎች) ውስጥ በብዛት የማገኘው የኒውዮርክን ሰዓት ለማግኘት ከእኛ ሰዓት «7 ሰዓት ቀንስ» የሚል መስመር ነው። በሐምሌ ልክ ነው። በታኅሣሥ ግን ኒውዮርክ ላይ ሰኞ ማታ ከእኩለ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የገባ ትዕዛዝ በሪፖርቱ ማክሰኞ ሆኖ ይወጣል። ውሉ «በትዕዛዙ ቀን ዋጋ» የሚል ከሆነ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ የአረቢካ ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቁጥር አትጻፉ፤ የቦታውን ሙሉ ስም ጻፉ፦ «አሜሪካ/ኒውዮርክ»፣ ለሐምቡርግ «ዩሮፕ/በርሊን»። «ኢኤስቲ» የሚለውን የኒውዮርክ መደበኛ ሰዓት ምህጻረ ቃልም አትጠቀሙ፤ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም በክረምትም በበጋም ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደኋላ አድርጎ ነው የሚያነበው።

አቀማመጡ ቀላል ነው። የሆነ ነገር የሆነበትን ቅጽበት «ታይምስታምፕ ዊዝ ታይም ዞን» በሚባለው ዓይነት አስቀምጡ። ስሙ ዞኑን የሚያስቀምጥ ያስመስለዋል እንጂ ውስጡ የሚቀመጠው ዩቲሲ ብቻ ነው። የገዢው ዞን ካስፈለጋችሁ ስሙን በሌላ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ያዙ። የእኛን የሰዓት አቆጣጠር ለማሳየት ከፈረንጅ አቆጣጠሩ 6 ሰዓት መቀነስ ያለባችሁም ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ሠንጠረዡ ከገባ ማን ቀንሶ ማን እንዳልቀነሰ የሚለይ አይኖርም።

ዋናው ጣጣ የቀን ወሰን ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 2025ን (ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.) እንውሰድ። ያ እሑድ በኒውዮርክ 25 ሰዓት ነበረው፤ በእኛ አቆጣጠር እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ጀምሮ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት አለቀ። መነሻው ላይ 24 ሰዓት ደምራችሁ መጨረሻውን ካወጣችሁ የመጨረሻው ሰዓት ትዕዛዞች ይጠፋሉ። መደመሩን በቦታው ሰዓት ጨርሱና ከዚያ ቀይሩ፦ የኖቬምበር 2 እኩለ ሌሊትን ያለ ዞን ጻፉ፣ «አት ታይም ዞን» ብላችሁ የኒውዮርክን ስም ስጡ፤ ለኖቬምበር 3 እኩለ ሌሊትም እንዲሁ። ኩዌሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሁለተኛውን ሳይጨምር ይምረጥ። ኮለሙን ራሱን እየቀየራችሁ አታወዳድሩ፤ ተራ ኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) ሥራ ፈቶ መላው ሠንጠረዥ ይነበባል።

«አት ታይም ዞን» በሁለት አቅጣጫ እንደሚሠራ ልብ በሉ። ዞን የሌለውን ሰዓት ሲያገኝ «ይህ የኒውዮርክ ሰዓት ነው» ብሎ ቅጽበቱን ያወጣል፤ ዞን ያለውን ሲያገኝ ደግሞ ኒውዮርክ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ስንት እንደሚል ይነግራችኋል። የቆየው ኮለማችሁ ዩቲሲን ያለ ዞን የያዘ ከሆነ ሁለት ጊዜ መጠቀም ግድ ነው፤ መጀመሪያ በዩቲሲ፣ ቀጥሎ በኒውዮርክ። አንዱን መዝለል ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

በዚያው የኖቬምበር 2 እሑድ ሌሊት በኒውዮርክ አቆጣጠር 1:30 ሁለት ጊዜ መጣ፤ እኛ ጋ አንዱ ጠዋት 2:30፣ ሌላው 3:30 ነበር። በሰዓት የሚመደብ ሪፖርት በግድግዳ ሰዓት ከተመደበ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ በዩቲሲ መድባችሁ ስታሳዩ ቀይሩ። ማርች 9 ቀን 2025 ደግሞ በኒውዮርክ አቆጣጠር 2:30 ሌሊት ጭራሽ አልነበረም። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን ሰዓት ሳይከለክል 3:30 አድርጎ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሰው በእጁ የሚሞላው ፎርም ካላችሁ ማጣሪያው ከዳታቤዙ በፊት ይሁን።

ማይኤስኪውኤል የተባለውን ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም የምትጠቀሙ፣ ዞን ቀያሪው «ኮንቨርት ቲዜድ» ባዶ ከመለሰላችሁ ብዙ ጊዜ የዞን ሠንጠረዦቹ አልተጫኑም ማለት ነው።

ለወደፊት ቀጠሮ አሠራሩ ይለያል። «ሁልጊዜ ሰኞ በኒውዮርክ ጠዋት 9 ሰዓት ስልክ» የሚለውን ወደ ዩቲሲ ቀይራችሁ አታስቀምጡ፤ የግድግዳውን ሰዓትና የዞኑን ስም ያዙ፣ ቅጽበቱን በየጊዜው አስሉት። እኛ ጋ በሐምሌ ቀን 10 ሰዓት፣ በጥር 11 ሰዓት ይሆናል። መንግሥታት ሕጉን ስለሚለውጡም ነው፤ ግብፅ ትታው የነበረውን የሰዓት ለውጥ በ2023 መልሳለች። ሰርቨሩ ላይ ያለው የዞን መረጃ ካልታደሰ ኩዌሪው በትክክል ቢጻፍም ለካይሮ ገዢ በአንድ ሰዓት ይሳሳታል፤ ስለዚህ ማደሱን ከመደበኛው የሰርቨር ጥገና ጋር አድርጉት፣ ከታደሰ በኋላም ሁለቱን የመቀየሪያ ቀናት እያስገባችሁ ሪፖርቱን ፈትሹ።