ቴስት ሲንቀራፈፍ፦ አላስፈላጊ ጥበቃን ፈልጎ ማውጣት

ቴስት፣ ማለትም ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ሲዘገይብዎት ኮዱን ከመንካትዎ በፊት ይለኩ። ፓይቴስት (የፓይተን ኮድ መፈተኛ መሣሪያ) ላይ ዱሬሽንስ የሚለውን አማራጭ 10 ብለው ቢሰጡት፣ ብዙ ጊዜ የፈጁትን 10 ቦታዎች ይዘረዝራል። ቴስቱ እየሄደ ሳለ ሲፒዩውንም ይዩት፤ ሰዓቱ እየነጎደ ሲፒዩው ሥራ ከፈታ፣ የሆነ ቦታ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ኮድ አለ።

ምልክት፦ ቴስቱ ሁልጊዜ 3 ወይም 5 ሰከንድ አልፎ ብቻ ያልቃል።
ምክንያቱ ስሊፕ ነው፤ ኮዱን ለተወሰነ ሰከንድ ዝም ብሎ የሚያስቆም ትእዛዝ። ገጹ በ300 ሚሊሰከንድ ቢከፈትም 5 ሰከንዱ ይቆጠራል። 200 ቴስት ውስጥ አንድ አንድ ካለ 1000 ሰከንድ ሆነ፤ ከ16 ደቂቃ በላይ። ደግሞ ማሽኑ ሲጨናነቅ 5ም አይበቃም፣ ቴስቱ ይወድቃል፣ አንዱ መጥቶ 10 ያደርገዋል። ስሊፕ የሚወፍረው እንዲህ ነው።
መፍትሄው ሰዓት ሳይሆን ሁኔታ መጠበቅ ነው፦ ቁልፉ እስኪታይ፣ ምላሹ እስኪመጣ። ሴሌኒየም (ብሮውዘርን በኮድ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ያለው ዌብድራይቨርዌይት በየ500 ሚሊሰከንዱ እያየ፣ ሁኔታው እንደተሟላ ያልፋል። ፕሌይራይት የተባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ኤለመንቱን (ቁልፉን ወይም ሌላ የገጹን ክፍል) ከመጫኑ በፊት መታየቱንና መርጋቱን ራሱ ስለሚጠብቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሊፑን ማጥፋት ብቻ ይበቃል። በጅምላ ግን አያጥፉ፤ አንዱን አውጥተው ያንን ቴስት 20 ጊዜ ያህል ደጋግመው ያስኪዱት። አልፎ አልፎ ከወደቀ፣ ስሊፑ ሸፍኖት የነበረ ሁኔታ አለ ማለት ነው።

ምልክት፦ የሚዘገዩት «ይህ ነገር ገጹ ላይ የለም» የሚሉት ቴስቶች ናቸው።
ኢምፕሊሲት ዌይት (ለኤለመንት ፍለጋ ሁሉ በአንድነት የሚሰጥ የጥበቃ ጊዜ) 10 ሰከንድ ከተደረገ፣ ሴሌኒየም የሌለውን ኤለመንት 10 ሰከንድ ሙሉ ይፈልገዋል። ወደ ዜሮ ይመልሱትና ኤክስፕሊሲት ዌይት (እንደ ዌብድራይቨርዌይት አንድን ሁኔታ ለይቶ መጠበቅ) ብቻ ይጠቀሙ። ሁለቱን ማደባለቅ የባሰ ነው፤ የሴሌኒየም ሰነድ ራሱ 10 እና 15 ሰከንድ ሲደባለቁ ጥበቃው 20 ሊደርስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አለመኖሩን ከመጠየቅዎ በፊት ድርጊቱ ማለቁን የሚያሳይ ምልክት ይጠብቁ፤ አለዚያ ቴስቱ ገጹ ገና ሳይቀየር በከንቱ ያልፋል።

ምልክት፦ የስህተት አያያዝን የሚፈትን ቴስት 7 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል።
ምክንያቱ ሪትራይ ነው፤ ያልተሳካን ሥራ 1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እየጠበቀ ደግሞ የሚሞክር ኮድ። የጥበቃውን መጠን ከውጭ እንዲቀበል አድርገው በቴስት ዜሮ ይስጡት፤ ጄስት (የጃቫስክሪፕት ኮድ መፈተኛ መሣሪያ) ላይ ፌክ ታይመርም፣ ማለትም በእውነት ሳይጠብቁ ጊዜን የሚያሳልፍ የውሸት ሰዓት፣ ይሠራል።

ምልክት፦ ሲፒዩው ይሠራል፣ ግን ተጠቃሚ የሚፈጥር ቴስት ሁሉ ይጎተታል።
ምክንያቱ ቢክሪፕት ነው፤ የይለፍ ቃልን ተመልሶ ወደማይነበብ መልክ የሚቀይር፣ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ ተደርጎ የተሠራ። ኮስቱ (የሥራውን ክብደት የሚወስነው ቁጥር) በ1 በጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ12 ወደ 4 ሲወርድ 256 ጊዜ ይቀላል። ይህን ግን የቴስት ሴቲንግ ፋይል ውስጥ ብቻ ያድርጉት።