ማሳው ተጠማ ወይስ ጠገበ? የመስኖ ውሃ መጠን ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

«ፓምፑን ስንት ሰዓት ላሠራው?» ብሎ የሚነሳ ሰው ስሌቱን ከጅራቱ ይዞታል። ሰዓት የፓምፑ መለኪያ እንጂ የሰብሉ አይደለም። የሰብሉ ፍላጎት እንደ ዝናብ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10,000 ሊትር ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይህን በመዝለል የሚመጡ ናቸው።

ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል

ውሃ ለመልቀቅ አትቸኩሉ። በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉ የሚያተነው ሥሩ ከሚስበው ሲበልጥ፣ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰብልም ይጠወልጋል፤ አመሻሹ ላይ ቀና ካለ ደህና ነው። ማለዳም እንደጠወለገ ከሆነ ግን አካፋ አንሡና ከሥሩ አጠገብ ቆፍሩ። ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የወጣውን አፈር ጨብጡት። ሸክላም አሸዋም ያልበዛበት አፈር ከሆነ፣ ተድቦልቡሎ ወዲያው የሚፈረካከሰው ውሃ ይፈልጋል፤ መዳፋችሁን አርጥቦ የሚያብለጨልጨው ግን ከበቂ በላይ ጠጥቷል።

በሳምንት አንዴ ብዙ ይጠጣል፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ይደርቃል

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው፤ የተለመደው መድኃኒትም ሰዓት መጨመር ነው፤ በሽታውን ያባብሳል። ምክንያቱ አፈሩ ሥሩ በደረሰበት ጥልቀት ሊይዘው ከሚችለው በላይ ውሃ መጫኑ ነው። ትርፉ ማዳበሪያውን እያጠበ ሥሩ ወደማይደርስበት ይወርዳል።

በምሳሌ እንየው። 50 በ40 ሜትር፣ ማለትም 2,000 ካሬ ሜትር ላይ ሽንኩርት አለ እንበል። የአካባቢው የዕለት ትነት (በደንብ ከጠጣ የሣር መሬት፣ ከአፈሩም ከቅጠሉም፣ በቀን የሚተነው ውሃ) 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር ከሚቲዎሮሎጂ መረጃ ይገኛል። ሽንኩርቱ ሙሉ ቅጠል ሲያወጣ በ1.05 ይባዛል። ማባዣዎቹን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ለየሰብሉና ለየዕድገት ደረጃው ዘርዝሯቸዋል። ስለዚህ ሰብሉ በቀን 5.25 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል።

አሁን አፈሩን እንጠይቅ። መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት 150 ሚሊ ሜትር ያህል ለሰብል የሚሆን ውሃ ይይዛል፤ አሸዋማ ከሆነ ከዚህ በግማሽ ሊያንስ ይችላል። የሽንኩርቱ ሥር 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ያለው 60 ሚሊ ሜትር ነው። ሽንኩርት ግን ሥረ አጭርና ቶሎ የሚጠማ በመሆኑ ከዚህ 30 በመቶው፣ ማለትም 18 ሚሊ ሜትሩ ሳያልቅ መጠጣት አለበት። 18 ለ5.25 ሲካፈል ሦስት ቀን ተኩል ገደማ ነው፤ በየሦስት ቀኑ አጠጡ።

የሦስት ቀን ፍላጎት 15.75 ሚሊ ሜትር ነው። በፈር ሲጠጣ ከተለቀቀው ውሃ ሥሩ ላይ የሚቀረው 60 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ መለቀቅ ያለበት 26.25 ሚሊ ሜትር፣ በማሳው ስፋት 52.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው 200 ሊትር በርሜል በ50 ሰከንድ ከሞላ፣ ፍሰቱ በሰከንድ 4 ሊትር፣ በሰዓት 14.4 ሜትር ኩብ ነው። ፓምፑ ሦስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ሰዓቱ የመጣው አሁን ነው።

በጠብታ መስኖ 60ውን በ90 ተኩት። ዝናብ ከጣለ ሥሩ ጋ የደረሰውን ከፍላጎቱ ቀንሱ።

ስሌቱ ልክ ነው፣ ሰብሉ ግን ተጠምቷል

በርሜሉን የሞላችሁት ፓምፑ አጠገብ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው፤ በአፈር ቦይ ሲጓዝ የሚሰርገው ውሃ ቀላል አይደለም። ፍሰቱን ማሳው አፍ ላይ ለኩ። ሌላው፣ ማባዣው ከዕድገት ጋር ይለወጣል፤ በቆሎ በቡቃያነቱ 0.3 ገደማ የሚባዛው ዘንጉ ሲወጣ 1.2 ይደርሳል። በቡቃያ ቁጥር ያደገ በቆሎ ማጠጣት ማስራብ ነው።

የፈሩ ራስ ጨቅይቷል፣ ጫፉ ደርቋል

ፍሰቱ ለፈሩ ርዝመት አንሷል፤ ውሃው ጫፍ ሳይደርስ ራሱ ላይ ሰርጎ ያልቃል። አፈር እስካልጠረገ ድረስ በኃይል ልቀቁት፣ ጫፍ ሲደርስ ቀንሱት። ካልሆነ ፈሩን አሳጥሩት፤ በተለይ በአሸዋማ መሬት ይህ ይጠቅማል።

ቅጠሉ ይወይባል፣ አፈሩ እርጥብ ነው

ሥሩ አየር አጥቷል። ውሃውን አቁሙ፣ የተኛውን አፍስሱ፤ አፈሩን በእጅ ሳትፈትሹ ዳግም አትልቀቁ።

መሬቱ ላይ ነጭ ሽፋን ይታያል

ጨው ነው። በጥቂት በጥቂቱ፣ ላይ ላዩን ማጠጣት ያከማቸዋል። ከስሌቱ በላይ ውሃ መስጠት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ትርፉ ጨውን ከሥሩ በታች ያወርደዋል። ግን በቅድሚያ የማፍሰሻ ቦይ ይቆፈር፤ ውሃው የሚሄድበት ካላገኘ የከርሰ ምድሩ ከፍ ብሎ ጨውን ይመልሰዋል።