«ጣል» ሲል የት ነው የሚጣለው? የካርድ ጨዋታ ቃላት ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ጨዋታው ሞቅ ሲል ተጫዋቾች ቆመው ይከራከራሉ። ሁለቱም ካርዱን አንብበዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው «ጣል» ነው። ካርታ ሲጫወት ያደገ ሰው «ጣል» ሲባል ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ያወጣል። የጻፈው ልጅ ግን «ከእጅህ አስወግድ» ማለቱ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ደሴ ላይ የባቲን ሰኞ ገበያ ጭብጥ አድርገን ጨዋታ እየሠራን ነው። ባለፈው ክረምት ሆጤ፣ አክስቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ «2 ካርድ ጣል» የሚል ወጣ። የአክስቴ ልጅ ሁለት የግመል ካርዶቿን ደስ ብሏት መሃል ላይ ደረደረች። ወንድሟ «ኧረ ጠፍተዋል እኮ!» አለ። በረካው ተጠጥቶ አለቀ፣ እነሱ አልተስማሙም። ካርዶቹን ሰብስቤ ሳያቸው አንዱ ላይ «ጣል»፣ ሌላው ላይ «አስወግድ»፣ ሦስተኛው ላይ «አውጣ» ይላል። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ልጆችን ሥራ ሳርም ይኸው ነገር ያልገጠመኝ ጨዋታ የለም።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ የካርድ ጨዋታ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። «ተጫወት» የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ሲጠቀምበት ቆይቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ከፋፈለው። ለአስማት ካርድ ሌላ ቃል፣ ለካርድ ችሎታ ሌላ ቃል ተሰጠ። «ተጫወት» ለመሬት ካርድ ቀረ። «ከጨዋታው የተወገደ» የሚለውም ያኔ «ስደት» ሆነ፤ ተወግዷል የተባለውን ካርድ መልሰው የሚያመጡ ካርዶች ስለነበሩ።

መፍትሄ፦ ግሡን ተዉት፣ ቦታውን ሰይሙት። የእኛ ጨዋታ ካርድ የሚያርፍበት አራት ቦታ አለው፦ ክምር፣ እጅ፣ መደብ፣ ጓሮ። መደብ ነጋዴ ዕቃውን የሚዘረጋበት ነውና ከገበያው ጭብጥ አይወጣም። ጓሮ የተወገደ ካርድ የሚሄድበት ነው። አሁን ካርዱ «2 ካርድ ከእጅ ወደ ጓሮ» ይላል። የሚያከራክር የለውም። ግሥ ስለሌለው «ጣል» ይባል ወይስ «ጣይ» የሚለው ጣጣም አብሮ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ በኮምፒውተር ፈልጎ መተካት ብቻውን አይበቃም። የአማርኛ ግሥ ፊደሉ ራሱ ይቀያየራል። «ጣል» ብላችሁ ብትፈልጉ «ይጥላል»ም፣ «ሲጥል»ም፣ «የተጣለ»ም አይመጡም። ካርዶቹን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ «ቃል ሲደጋገም ያሰለቻል» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ካርድ አታስጽፉት። ያ ለትምህርት ቤት ድርሰት ነው። ካርድ ላይ አንድ ነገር መቶ ጊዜ ቢመጣ መቶ ጊዜ በዚያው ስም ይጠራ። ለማሳመር የገባ ቃል ሁሉ አዲስ ሕግ ይመስላል፣ ተጫዋቹም ልዩነቱን ሲፈልግ ይደክማል።

ምልክት፦ ካርዱ «ስሙ ላይ ሐይቅ ያለበት ካርድ ፈልግ» ይላል። ተጫዋቹ «የሀይቅ ዓሣ አጥማጅ» ይዞ ይጠይቃል።

ምክንያቱ ፊደል ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ እና ሐ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ ፍለጋም አይይዛቸውም። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ስሞቹን በሙሉ አንድ የኤክሴል ገጽ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ማንም ስም በእጁ አይተይብ፣ ከገጹ ቀድቶ ይለጥፍ። ለማተሚያ ቤት ደግሞ ፒዲኤፍ ብቻ ስጡ። እኔ በዎርድ ሰጥቼ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት እንደገና ተይቦ አወጣው። አንድ «መደብ» «መደብር» ሆኖ መጣ። ሳይጠይቁ የሰው ጽሑፍ የሚነኩ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል።

ምልክት፦ «ግመል ሁሉ ወደ ጓሮ» ሲል «የግመል ነጂ» አብሮ ይሄዳል?

ስምና ዓይነት ተደባልቀዋል። ዓይነቱን ከሥዕሉ ሥር ለብቻው ጻፉት። ሕጉም የሚያየው ያንን መስመር ብቻ ይሁን።

«ተራ» የአንድ ሰው ነው፣ «ዙር» የሁሉም። አታቀያይሩ።

አልፎ አልፎ የሚገጥም፦ እንደ «ስንቅ» ያለ ቁጥር የሚከተለው የችሎታ ስም ሲኖር፣ «ስንቅ 1» እና «ስንቅ 2» አንድ ካርድ ላይ ሲገናኙ ይደመሩ ወይስ ትልቁ ይያዝ? መመሪያው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ቃሉ ያለው ሁለት ካርድ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ስም አያስፈልገውም፤ የሚያደርገውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እዚያው ጻፉት።