ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ወይስ ኮር አይ9 14900ኬ? ፕሮሰሰሩን ከመወንጀላችሁ በፊት

ለጌምም ለሥራም የሚሆን አንድ ኮምፒውተር መገጣጠም የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመነታው በእነዚህ ሁለት ፕሮሰሰሮች መሀል ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡ ናቸው። የኤኤምዲው 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) እና 16 ትሬድ (ባንዴ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው፤ ዋናው ጉልበቱ ግን ያለው 96 ሜጋባይት በሚደርሰው ኤል3 ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) ላይ ነው። የኢንቴሉ 14900ኬ ደግሞ 8 ፈጣንና 16 ቆጣቢ፣ በድምሩ 24 ኮርና 32 ትሬድ ይዞ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይሮጣል፤ ኤል3 ካሹ 36 ሜጋባይት ነው።

ቅሬታው የሚመጣው ከተገዙ በኋላ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ምልክቱ ሳይመረመር የሚወጣው ገንዘብ ነው፤ አንድ የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሴቲንግ ማብራት የሚበቃው ሰው ፕሮሰሰር ይለውጣል፣ ፕሮሰሰሩ የተበላሸበት ሰው ደግሞ ጤነኛ ግራፊክስ ካርዱን ይሸጣል። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ፕሮሰሰሩ ተቀየረ፣ ፍሬሙ ግን ንቅንቅ አላለም

ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በ4ኬ ወይም በከፍተኛ ሴቲንግ የሚጫወቱ ሰዎችን ነው። አንድ ፍሬም (በሰከንድ ብዙ ጊዜ ከሚቀያየሩት ምስሎች አንዱ) ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ትዕዛዙን ያዘጋጃል፣ ግራፊክስ ካርዱ ተቀብሎ ይስለዋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው። በ4ኬ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ስለሆነ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ለማረጋገጥ ጌሙ እየሄደ የካርዱን አጠቃቀም ተመልከቱ። ከ97 እስከ 99 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ፕሮሰሰሩ ካርዱን እየጠበቀ ነው። ሴቲንግ ቀንሱ፣ ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር (ምስሉን በአነስተኛ ሪዞሉሽን ስለው የሚያሳድጉ ዘዴዎች) አብሩ፣ ካልሆነ ገንዘቡን ለካርድ አውሉት። አጠቃቀሙ 70 በመቶ አካባቢ ከዋለለ ግን ሪዞሉሽኑን ወደ 720ፒ አውርዱና ፍሬሙን እዩት። ካልጨመረ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቪሲንክ (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስማማ ሴቲንግ) ወይም የፍሬም ገደብ አለመብራቱን፣ ሞኒተሩም በዊንዶውስ ውስጥ 60 ኸርዝ ላይ ተረስቶ አለመቅረቱን አረጋግጡ።

ታስክ ማናጀር ላይ ያለውን ጠቅላላ የፕሮሰሰር መቶኛ አትመኑት። ጌሙ በአንድ ዋና ትሬድ ላይ ከተንጠለጠለ 32 ትሬድ ያለው 14900ኬ ገና 15 በመቶ እየሠራ ሊመስል ይችላል፤ ያቺ አንዷ ትሬድ ግን ሞልታለች። የ7800ኤክስ3ዲ ትልቅ ካሽ ልዩነት የሚፈጥረውም እዚህ ላይ ነው። በበረራ ሲሙሌተር፣ በስትራቴጂ ጌም፣ ብዙ ተጫዋች በሚርመሰመስበት የኦንላይን ዓለም ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን ዳታ ራም ድረስ ሳይሄድ አጠገቡ ያገኘዋል።

አማካዩ ያምራል፣ ጌሙ ግን ይቆራረጣል

አማካይ ፍሬም (በሰከንድ የሚወጣው የምስል ብዛት) ብቻውን አይበቃም፤ የ1 በመቶ ዝቅተኛውን (በጣም የዘገዩትን ፍሬሞች ፍጥነት) እዩ። አማካዩ 160 ሆኖ ዝቅተኛው 50 ከሆነ ዓይናችሁ የሚያየው 50ውን ነው።

ቀድሞ የሚጠረጠረው ራም ነው። ዲዲአር5 ራም ገዝታችሁ ባዮስ ውስጥ ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያስኬደውን ኤክስፖን (በኢንቴል በኩል ኤክስኤምፒን) ካላበራችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት 6000 ቢሆንም ብዙውን ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። አንድ ስቲክ ብቻ ከተሰካ ደግሞ የራሙ መተላለፊያ ስፋት በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ስቲክ ይኑራችሁ፤ አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካሉ። ለ7800ኤክስ3ዲ 6000 ጥሩ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ መክፈል ለዚህ ቺፕ ብዙም አይጠቅምም፣ ካሹ የራሙን ድክመት ይሸፍናልና። 14900ኬ ግን ፈጣን ራም ሲያገኝ የተሻለ ይጠቀምበታል።

ኤክስፖን ከማብራታችሁ በፊት ባዮሱን አፕዴት አድርጉ። 7800ኤክስ3ዲ በወጣ ሰሞን አንዳንድ ማዘርቦርዶች የሶክ ቮልቴጁን (ራሙን ለሚቆጣጠረው የቺፑ ክፍል የሚሄደውን) ከልክ በላይ እየሰጡ ቺፑ እስኪቃጠል ያደረሱበት ጊዜ ነበር፤ ኤኤምዲ በአፕዴት ጣሪያውን 1.3 ቮልት ላይ ዘጋው። በአሮጌ ባዮስ መጫወት ለምንም አይበጅም።

መቆራረጡ አዲስ ቦታ ስትገቡ ብቻ ከመጣና ለሁለተኛ ጊዜ ስታልፉበት ከጠፋ ግን ጌሙ ሼደር (ካርዱ ምስሉን የሚስልባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) እያዘጋጀ ነው። የትኛውም ፕሮሰሰር ሙሉ በሙሉ አያድናችሁም።

14900ኬ፦ ጌሙ ሊከፈት ሲል ይዘጋል፤ "አውት ኦፍ ቪዲዮ ሜሞሪ" ይላል

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መልእክቱ የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል ስለሚል ሁሉም ሰው ወደ ግራፊክስ ካርዱ ነው የሚዞረው። ካርዱ ግን 16 ጊጋባይት ኖሮት፣ ጌሙም ገና ሜኑ ላይ ሆኖ ነው ይህ የሚመጣው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የሚዘጋው በተለይ በአንሪል ኢንጂን የተሠሩ ጌሞች ሼደር ሲያዘጋጁና የተጨመቀ ዳታ ሲፈቱ ነው። ይህ ሥራ የፕሮሰሰሩ ነው፤ ሁሉንም ኮር ባንዴ ያስጨንቃል፣ አንዲት ቢት እንኳ ከተሳሳተች የተፈታው ዳታ ልክ አይሆንም፣ ፕሮግራሙም ይወድቃል። ጌም ባልተከፈተበት ሰዓትም ዚፕ ፋይል ስትፈቱ ወይም ትልቅ ፕሮግራም ስትጭኑ ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል መልእክት ካገኛችሁ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። በኢንቴል 13ኛውና 14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ቺፑ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ በጊዜ ሂደት ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ችግሩን አምኖ ማይክሮኮድ (ከባዮስ አፕዴት ጋር የሚመጣ የፕሮሰሰር ማስተካከያ) አወጣ፤ በኦገስት 0ኤክስ129፣ በሴፕቴምበር 0ኤክስ12ቢ፣ ከዚያም በ2025 0ኤክስ12ኤፍ ተከተለ።

እንዲህ አድርጉ። የማዘርቦርዱን አዲሱን ባዮስ ጫኑና ኢንቴል ዲፎልት ሴቲንግስ የሚለውን ምረጡ። ችግሩ ከቀጠለ በኢንቴል ኤክስትሪም ቲዩኒንግ ዩቲሊቲ ወይም በባዮስ የፈጣን ኮሮቹን ማባዣ (ፍጥነታቸውን የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 53 አውርዱ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ክራሹ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው፤ ቺፑ ተጎድቷል። አዲሱ ማይክሮኮድ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይጠግንም። በተቀነሰ ፍጥነት ተስማምታችሁ አትቀመጡ፤ ኢንቴል የእነዚህን ፕሮሰሰሮች ዋስትና በ2 ዓመት አራዝሟል፣ በካርቶን ለተሸጡት በድምሩ 5 ዓመት ይሆናል። ቅያሪ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ያገለገለ 14900ኬ ልትገዙ ካሰባችሁም ዋስትናው ወደ እናንተ የሚዞር መሆኑን ሳታጣሩ ገንዘብ አትስጡ።

ሙቀቱ ጣሪያ ይነካል

14900ኬ ከባድ ሬንደር (ምስል ወይም ቪዲዮ አስልቶ ማውጣት) ሲጀምር በሰከንዶች ውስጥ 100 ዲግሪ ይደርስና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኩለሩ ብቻ አይደለም። የኢንቴል የኃይል ጣሪያ 253 ዋት ሆኖ ሳለ አንዳንድ ማዘርቦርዶች በነባሪ ሴቲንጋቸው ገደቡን ከነጭራሹ አንስተውታል፤ ባዮስ ውስጥ 4095 የሚል ቁጥር ካያችሁ ገደብ የለም ማለት ነው። ፒኤል1ንም ፒኤል2ንም (የረጅምና የአጭር ጊዜ የኃይል ገደቦቹን) 253 ላይ አድርጉ። ጠንካራ የውሃ ኩለር ከሌላችሁ 200 ዋት ላይ ብትገድቡትም ከሬንደር ፍጥነቱ የምታጡት ከምትገምቱት ያነሰ ነው።

በ7800ኤክስ3ዲ በኩል የሙቀት ጣሪያው 89 ዲግሪ ነው። ካሹ ኮሮቹ ካሉበት ቺፕ ላይ ስለተነባበረ ሙቀቱ እንደልቡ አይወጣም፤ ስለዚህ ኃይል ሳይበላ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። በከባድ ሥራ ላይ 80ዎቹን ማየት አያስደነግጥም። በጌም ጊዜ ከ14900ኬ በጣም ያነሰ ኃይል የሚበላ ቺፕ ስለሆነ ደህና የአየር ኩለር ይበቃዋል።

ሬንደሩ አላልቅ አለ

7800ኤክስ3ዲ ከሆነ ብልሽት የለበትም። 8 ኮር 8 ኮር ነው፤ ሁሉንም ኮር በሚጠቀም ሬንደር 14900ኬ እጥፍ ያህል ይፈጥናል፣ ካሹም እዚህ ብዙ አያግዝም። ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ሬንደሩን ወደ ግራፊክስ ካርዱ አዙሩት፤ ብዙ ሰው ሳይክልስ (የብሌንደር የሬንደር ክፍል) በፕሮሰሰር እየሠራ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

በ14900ኬ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ሬንደሩ እየሄደ መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ብሮውዘር ስትከፍቱ ፍጥነቱ ባንዴ ይወርዳል። ዊንዶውስ ከፊት የሌለውን ፕሮግራም ወደ ቆጣቢዎቹ ኮሮች ስለሚገፋው ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ የኮሮቹን ግራፍ ክፈቱ፤ 16ቱ ሞልተው ፈጣኖቹ ባዶ ከሆኑ ምክንያቱ ይኸው ነው። የኃይል ፕላኑን ወደ ሃይ ፐርፎርማንስ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ካልሆነ መስኮቱን ዝቅ ሳታደርጉ ተዉት።

የካሜራ ቪዲዮ ታይምላይን ላይ ይንገዳገዳል

ፋይሉ ኤች.265፣ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 (ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ የተጨመቀ የቪዲዮ ዓይነት) ከሆነ ብዙ ግራፊክስ ካርዶች በሃርድዌር አይፈቱትም፤ የኤንቪዲያ እንኳ ከአርቲኤክስ 50 በፊት ያሉት አይችሉም። የ14900ኬ ውስጣዊ ግራፊክስ በክዊክ ሲንክ (የኢንቴል ቪዲዮ መፍቻ ክፍል) ይፈታዋል። ችግሩ፣ ግራፊክስ ካርድ ሲሰካ ማዘርቦርዱ ውስጣዊውን ሊያጠፋው ይችላል። ባዮስ ገብታችሁ አብሩት፣ ድራይቨሩን ጫኑ። 7800ኤክስ3ዲ ያላችሁ ፕሮክሲ ፋይል (ለኤዲቲንግ የሚሆን ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ) ሥሩ፤ ቪዲዮ ኤዲቲንግ እንጀራችሁ ለሆነ ግን እኔ 14900ኬን እመርጣለሁ።

አራት ስቲክ ራም ከተሰካ በኋላ ፍጥነቱ ወረደ፣ ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆነ

ሁለቱም ፕሮሰሰሮች አራት የዲዲአር5 ስቲክ ይከብዳቸዋል። ለ7800ኤክስ3ዲ ኤኤምዲ በይፋ የሚደግፈው በሁለት ስቲክ 5200፣ በአራት 3600 ብቻ ነው፤ ከላይ ያልነው 6000 በኤክስፖ የሚገኝ ነው። ብዙ ራም ካስፈለገ ሁለት ባለ48 ጊጋባይት ግዙ። ኤኤም5 (የ7800ኤክስ3ዲ ሶኬት) ያለው ማዘርቦርድ ራም ከተቀየረ በኋላ መጀመሪያ ሲነሳ ለብዙ ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ራሙን እየለካ ነውና ኃይሉን አታቋርጡት።

ጌሙ ተስማምቶኛል፣ ለሥራው ግን ኮር አነሰኝ

ለ7800ኤክስ3ዲ ባለቤት መንገዱ ክፍት ነው፤ እንደ 7950ኤክስ3ዲና 9950ኤክስ3ዲ ያሉት ባለ16 ኮሮች እዚያው ኤኤም5 ሶኬት ላይ ይገባሉ። የ14900ኬ ሶኬት ኤልጂኤ1700 ግን በዚያው ትውልድ አብቅቷል፤ ቀጣዮቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ቺፖች ኤልጂኤ1851 ላይ ነው የሚሰኩት፣ ማዘርቦርድም አብሮ ይቀየራል።

ወደ ባለ16 ኮሩ የምትሻገሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ተጨማሪው ካሽ ያለው ከሁለቱ የኮር ቺፖች በአንዱ ላይ ብቻ ስለሆነ ጌሙ ወደዚያኛው መላክ አለበት። አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ባዮሱን አፕዴት አድርጉ፣ አዲሱ ከገባ በኋላ የኤኤምዲን ቺፕሴት ድራይቨር እንደገና ጫኑ፣ የዊንዶውስን ጌም ባርም (ጌም መከፈቱን የሚለየውን መሣሪያ) አታጥፉ። ጌሙ ከበፊቱ ከዘገየባችሁ ጌም ባሩ እንደ ጌም እንዲያውቀው ምልክት አድርጉበትና የኮሮቹን ግራፍ እንደገና እዩት።