ለትራንስፎርመር የመዳብ ባስባርና ፍሌክሲብል እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር ላይ ለሆቴል፣ ለዱቄት ፋብሪካ ወይም ለአበባ እርሻ የራሱን ትራንስፎርመር የሚያስተክል ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ትራንስፎርመሩና ዋናው ብሬከር ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ሁለት ሦስት ሜትር መዳብ፣ ማለትም ባስባሩ (ድፍን ጠፍጣፋ መዳብ) እና ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊ ማያያዣው)፣ በተራረፈው ብር ትገዛለች። ችግር ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሷ ነው፦ ቡሽንጉ (የትራንስፎርመሩ ጫፍ የሚወጣበት ሸክላ) ዘይት ያንጠባጥባል፣ መገጣጠሚያው ይጠቁራል፣ ብሬከሩ ጫፉ ላይ ይቀልጣል። ለምሳሌ የምንይዘው 15 ኪሎ ቮልትን ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ ባለ 630 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ትራንስፎርመር ነው።

መጀመሪያ አምፔሩን ያስሉ። 630,000ን ለ1.732 × 400 ሲያካፍሉ 909 አምፔር ይመጣል። በአጭሩ ኬቪኤውን በ1.443 ማባዛት ይበቃል፤ 315 ኬቪኤ 455 አምፔር፣ 1250 ኬቪኤ 1804 አምፔር ይሰጣል። ስሌቱ በትራንስፎርመሩ አቅም ይሁን እንጂ ዛሬ ባለው ጭነት አይሁን። ዛሬ አንድ ወፍጮ ያለው ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስት ይኖረዋል፤ ባስባሩን ግን ማንም ተመልሶ አይቀይረውም።

እግረ መንገዳችንን፣ እስከ 315 ኬቪኤ ድረስ ባስባር ባይገቡበት ይሻላል። በየፌዙ (ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ለእያንዳንዱ) ሁለት ባለ 185 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል ርካሽ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ቡሽንጉንም አያስጨንቅም። ባስባር ጥቅሙ የሚታየው ከ500 ኬቪኤ ወዲያ ነው።

ቀጥሎ የባስባሩ ስፋት። በተለመደው ሠንጠረዥ፣ አካባቢው 35 ዲግሪ ሆኖ መዳቡ 65 ዲግሪ እንዲደርስ ሲፈቀድለት፣ ቀለም ያልተቀባ 50 × 10 ሚሊ ሜትር ባስባር ወደ 850 አምፔር ይሸከማል። 60 × 10 ወደ 985፣ 80 × 10 ወደ 1240፣ 100 × 10 ወደ 1490 ይደርሳሉ። በወረቀት ላይ 60 × 10 ለ909 ይበቃል። እዚህ ግን አይበቃም። ሠንጠረዡ የሚናገረው ክፍት ቦታ ላይ ስላለ ባስባር ነው፤ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የተዘጋ ካቢኔ ውስጥ ያለው አየር 45 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። ከተማዋም 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በ16 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት እንደልብ አንሥቶ አይሄድም። ስለዚህ 80 × 10 ይግዙ።

ለ1250 ኬቪኤ አንድ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባስባር መፈለግ ገንዘብ መጣል ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪኩ ወደ ቆዳው ስለሚሸሽ (ጥልቀቱ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው) የመሃሉ መዳብ ከድርሻው ያነሰ ይሠራል። ሁለት 80 × 10 በመካከላቸው 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ ማሰር ይሻላል። እርስ በርስ ስለሚሞቃሞቁ ግን ሁለቱ 2480 ሳይሆን 2100 አምፔር ገደማ ብቻ እንደሚሸከሙ አይርሱ። ሰፊው ጎናቸው ቆሞ አየር በመካከላቸው ሽቅብ እንዲወጣ ያድርጉ። ባስባርን እንደ ብርጭቆ መወልወልም ለዓይን ነው፤ ያንጸባረቀ መዳብ ሙቀቱን አይለቅም። ደብዛዛ ቀለም የተቀባው ከተወለወለው የበለጠ አምፔር ይሸከማል፤ መገጣጠሚያው ብቻ ሳይቀባ ይቅር።

መዳቡ መዳብ መሆኑን በሚዛን ያረጋግጡ። አንድ ሜትር 80 × 10 ንጹሕ መዳብ 7.1 ኪሎ ይመዝናል። 3 ኪሎ ገደማ ከሆነ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፤ በሰጌቶ ጫፉን ሲቆርጡት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነሐስ ግን ወደ 6.8 ኪሎ ስለሚጠጋ ሚዛን ያታልላል። ቢጫ ከመሰለዎት አይግዙት፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ሲሶ አይሞላም።

የአጭር ዙር ጉልበት (ሾርት ሲፈጠር ባስባሮቹን የሚገፋፋው ኃይል) ብዙዎች የማያስቡት ነገር ነው። የትራንስፎርመሩ ሰሌዳ ላይ ኢምፔዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው እንቅፋት) 4 በመቶ ከተጻፈ፣ ባስባሩ ላይ አጭር ዙር ሲፈጠር 909ን ለ0.04 አካፍለው ወደ 22,700 አምፔር ያገኛሉ፤ በመጀመሪያው ቅጽበት ከፍታው 48,000 ይደርሳል። ፌዞቹ 10 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ ደጋፊ ኢንሱሌተሮቹ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፉት መደገፊያዎች) በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ካሉ፣ በአንድ ድጋፍ ላይ የሚያርፈው ግፊት 200 ኪሎ ያህል ነው። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ የተደገፈ ባስባር ያን ጊዜ ይበተናል። የኢንሱሌተሩን የመሸከም አቅም ሻጩን ይጠይቁ፤ ካላወቀ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፍሌክሲብሉ። ባስባሩን ቀጥታ ቡሽንጉ ላይ ማሰር ለምን አይሆንም? ሦስት ምክንያት አለ። ሁለት ሜትር መዳብ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ 1.7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ሸክላው ግን አይረዝምም፣ ይሰነጠቃል እንጂ። ትራንስፎርመሩም በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል (የምንሰማው ጉርምርምታ እሱ ነው)፤ ንቅናቄው በግትሩ ባስባር በኩል ወደ ካቢኔው አልፎ ዳዶ ያላላል። ሦስተኛው የአፈሩ ጉዳይ ነው። እንደ ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ባለ ዋልካ መሬት ላይ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የትራንስፎርመሩ መሠረትና የቦርዱ (የብሬከሩ ካቢኔ) ቤት መሠረት ከተለያዩ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀራል፤ ይህን የሚችለው ፍሌክሲብል ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከስስ የመዳብ ላሜራ የተደራረበ ነው፤ ለእኛ 80 × 10 ከ0.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ 50 ቅጠል ይሆናል። የሚታጠፈው ወደ ውፍረቱ ብቻ ስለሆነ ወደ ጎን የሚገፋ ነገር ካለ አይረዳም። ሁለተኛው ከቀጭን ሽቦ የተጎነጎነ ነው፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፣ ነገር ግን እርጥበት በሽቦዎቹ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ጣና ዳር፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ያልተለበጠ ጉንጉን ከውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል፤ ከውጭ ስለማይታይ ደግሞ የሚታወቀው ሲግል ነው። ጉንጉን የግድ ከሆነ ቆርቆሮ የተለበጠውን ይምረጡ። ቤት ውስጥ ላለ ትራንስፎርመር ግን፣ መሠረቱ አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ላሜራው ይሻላል ባይ ነን።

ከዓይነቱ ይልቅ ጫፉን ይመርምሩ። ጥሩ ፍሌክሲብል ጫፉ በሙቀትና በግፊት ተዋሕዶ እንደ አንድ ድፍን መዳብ ሆኗል፤ ቅጠሎቹን በጥፍር መለየት አይቻልም። በሪቬት ብቻ የተያያዘ ወይም በሊድ (በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል) የተበየደ ከሆነ ይመልሱት። ሊዱ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ አንድ መገጣጠሚያ ሲግል ጫፉ ይፈታል፣ ሲፈታ ይበልጥ ይግላል። አሮጌ የብየዳ ኬብል ቆርጦ ፍሌክሲብል መሥራትም የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ጎማው ሙቀት አይችልም፣ ሽቦውም ውስጡ ጠቁሯል።

ርዝመቱ እንዲህ ይለካል። ከሁለቱ ድፍን ጫፎች በመካከል ያለው ነፃ ክፍል ከ15 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ሲታሰርም ለስላሳ ቅስት ይሥራ። ተወጥሮ ቀጥ ካለ ፍሌክሲብል መሆኑ ቀረ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቡሎኑን ሲከቱ ያለ መጎተትና ያለ መዶሻ በራሱ ወርዶ ቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት። የባስባሩ ክብደትም ቡሽንጉ ላይ አይንጠልጠል፤ ፍሌክሲብሉ ከሚጀምርበት በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ደጋፊ ኢንሱሌተር ያስቀምጡ።

ሲያስሩ ከመስመሩ ይልቅ ጄኔሬተሩን ይፍሩ። የከፍተኛ ቮልቴጁ መስመር ተቆርጦ ሳለ በ400 ቮልት በኩል ጄኔሬተር ከተነሣ፣ ትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሠርቶ 15,000 ቮልት ያወጣል። ሁለቱንም ወገን ቆልፈው፣ ፈትሸው፣ መሬት አስይዘው ይጀምሩ።

ባስባር ከባስባር ሲገናኝ መደራረቢያው የስፋቱን ያህል፣ ማለትም 80 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አራት ባለ 14 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ አራት ኤም 12 ባለ 8.8 ጥንካሬ ቡሎን። ትራፓኖው የተወውን ሹል ጠርዝ በሞረድ ያንሡ፤ ካልተነሣ ሁለቱ መዳቦች የሚነካኩት በሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ፊቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ስስ የመገጣጠሚያ ግሪስ ቀብተው ወዲያው ይሰሩት። ሾጣጣ የስፕሪንግ ሮንዴላ ይጠቀሙ፣ በቶርክ ቁልፍ 70 ኒውተን ሜትር ገደማ ያጥብቁ፣ ከዚያ ዳዶው ላይ በቀለም መስመር ያስምሩ። ይህ ቁጥር ለቡሽንግ አይሠራም፤ የቡሽንጉን ከፋብሪካው ወረቀት ይውሰዱ። እዚያ ሁልጊዜ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፦ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጠብቃል። በአንድ ቁልፍ ከተጠበቀ ዘንጉ ዞሮ የውስጡን ሽቦ ይጠመዝዛል፣ ጋስኬቱም ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል።

አሉሚኒየም ኬብል ወይም የአሉሚኒየም ጫፍ ያለው ቡሽንግ ካለ በመሃል ባይሜታል ማያያዣ (አንድ ወገኑ መዳብ፣ ሌላው አሉሚኒየም የሆነ) ግድ ነው። ከቤት ውጭ ከሆነ አሉሚኒየሙ ከላይ፣ መዳቡ ከታች ይሁን፤ ከመዳብ ላይ የሚወርድ የዝናብ ውሃ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ባስባሮቹ በብረት ላሜራ ግድግዳ የሚያልፉ ከሆነ ሦስቱም ፌዝና ኒውትራሉ በአንድ ቀዳዳ ይለፉ። አንድ ፌዝ ለብቻው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ብረቱ ራሱ ይግላል። መለየት የግድ ከሆነ ያን ክፍል በአሉሚኒየም ላሜራ ይተኩ።

ከማብራትዎ በፊት በማይክሮ ኦም ሜትር (እጅግ ትንሽ ሬዚስታንስ በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ፦ 80 ሚሊ ሜትር ድፍን ባስባር 1.7 ማይክሮ ኦም ገደማ ነው፣ መገጣጠሚያውም ከዚያ ብዙ መራቅ የለበትም። እጥፍ ካሳየ ፈተው እንደገና ያጽዱ። ከዚያ ጭነቱ ሙሉ በሆነበት ቀን በሙቀት ካሜራ ይዩት። ከአጠገቡ ካለው ባስባር በ10 ዲግሪ የሚበልጥ መገጣጠሚያ ይፈታል፤ ሳይፈቱ ዳዶውን ብቻ ማጥበቅ የጠቆረውን ፊት አያነጣውም። ሁለተኛው ምርመራ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ፣ በጥቅምት ይሁን፦ የፍሌክሲብሉ ቅስት እንደነበረ መሆኑን፣ የቀለሙ መስመር አለመዛነፉን፣ ቡሽንጉ ሥርም ዘይት አለመኖሩን ይዩ።