ከአፕግሬድ በኋላ ድምፅ ሲጠፋ፦ ኡቡንቱን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

እንጀራዬ በጆሮዬ ነው። ተመራማሪዎች ገጠር ወርደው ቀርጸው የሚያመጡትን ቃለ ምልልስ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ላፕቶፔ ድምፅ ካጣ ያን ቀን ሥራ የለኝም።

ክረምት ላይ የላፕቶፔን ሥርዓተ ክወና፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን፣ ከ22.04 እትም ወደ 24.04 አሳደግኩት። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ፓኬጆቹ፣ የፕሮግራም ጥቅሎቹ ማለት ነው፣ ወርደው አልቀው መጫን ሲጀምሩ መብራት ሄደ። ማታ ሲመጣ ያቋረጠውን እንዲጨርስ አንድ ትዕዛዝ ሰጠሁት። ጽሑፍ ተግተለተለ፤ መጨረሻ ላይ ኢረር የሚሉ መስመሮች ነበሩ፤ ሳላነባቸው አለፍኩ። እንደገና ስከፍተው ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ቅጂውን አስነሳሁ። ጭጭ።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳውንድ የሚለውን ስከፍት የድምፅ መውጫው ቦታ ላይ «ደሚ አውትፑት» ይላል። የይስሙላ መውጫ ማለት ነው። ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳይከፍተው «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ውስጡ የሰው አደራ አለ፤ ያልተገለበጠ የብዙ ሰዓት ቅጂ። አቅፌው ወደ ቤት ተመለስኩ።

ድምፅ ስለጠፋ ብቻ ፎርማት አታስደርጉ። ችግሩ ያለበት ቦታ በጥቂት ትዕዛዝ ይገኛል። ቁም ነገሩ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መሄድ ነው።

ቤት ውስጥ ውኃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ቆጣሪው ነው። እዚያ ካልደረሰ የማድ ቤቱን ቧንቧ መፍታት ድካም ነው። ሊኑክስም እንደዚያው ነው። ታች ከርነሉ፣ ማለትም ከማሽኑ አካላት ጋር የሚነጋገረው የሲስተሙ እምብርት፣ አለ፤ የድምፅ ካርዱን የሚያውቀው አልሳ የሚባለው ክፍል ያለው እዚያ ነው። ከላዩ ፓይፕዋየር አለ፤ ከየፕሮግራሙ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ለካርዱ የሚያደርስ። ከፓይፕዋየር ጋር ዋየርፕላምበር ይሠራል፤ የትኛው ድምፅ በየት ይውጣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ብራውዘራችሁና ማጫወቻችሁ ናቸው።

በ22.04 የመካከሉን ሥራ ለድምፅ ይሠራ የነበረው ፐልስኦዲዮ ነው። ኡቡንቱ በፈረንጆች ጥቅምት 2022 በወጣው በ22.10 ወደ ፓይፕዋየር ዞረ። ፌዶራ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ቀደም ብሎ በ2021 በ34ኛው እትሙ ዞሯል። ስለዚህ ከ22.04 በቀጥታ ወደ 24.04 የሚሻገር ሰው ከርነሉም፣ ድምፅ የሚያስተላልፈው የመካከሉ ክፍልም በአንድ ሌሊት ሊለወጡበት ይችላሉ። የድምፅ ችግር ከአፕግሬድ በኋላ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ትዕዛዞቹን አዳማ ላለው የአክስቴ ልጅ በስልክ እንዳነበብኩለት አድርጌ እጽፋቸዋለሁ። እናንተ ተርሚናል፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍታችሁ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ጻፏቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ሪስታርት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፉትና ቻርጀሩን ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩ። በተለይ ዊንዶውስም አብሮ ካለበት፣ የድምፅ ቺፑ ካለበት ሁኔታ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይድናል።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ኤ-ፒ-ኤል-ኤ-ዋይ ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ኤል። ኢንተር። ጤነኛ ከሆነ «ካርድ 0» ብሎ የቺፑን ስም ይዘረዝራል። የኔ «ኖ ሳውንድካርድስ ፋውንድ» አለ። ካርድ የለም! ይህን ካያችሁ ቮልዩም መጎርጎሩን ተዉት፤ ፓይፕዋየርንም አትንኩት። ከርነሉ ራሱ ካርዱን አላየውም።

ያኔ የሚቀጥለው ጥያቄ፣ አሮጌው ከርነል ያየዋል ወይ? የሚል ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ኢስኬፕን ነካ ነካ አድርጉ፤ በቆዩ ማሽኖች ሺፍት ተጭኖ መያዝ ነው። ግረብ የሚባለው ጥቁር ሜኑ ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» ውስጥ ግቡ። የኔ ላይ ሁለት ነበሩ፤ ከላይ 6.8፣ ከሥር 5.15። አሮጌውን መረጥኩ። ተነሳ። ቅጂውን ከፈትኩ፤ አንዲት የጎጃም ባልቴት ስለ ጤፍ አጨዳ ሲያወሩ ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ። እንባዬ መጣ ብል አልዋሸሁም። ካርዱ አልተቃጠለም ማለት ነው። ጎድሎ ያለው አዲሱ ከርነል ጋ ነው።

ኡቡንቱ የከርነሉን ድራይቨሮች፣ ማለትም ከርነሉ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያንቀሳቅስባቸውን ፕሮግራሞች፣ ሁለት ቦታ ከፍሎ ያስቀምጣል። ዋና ዋናዎቹ ከከርነሉ ጋር ይመጣሉ። የድምፅ ካርድ ድራይቨሮች ግን ያሉት «ሊኑክስ ሞጁልስ ኤክስትራ» በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ነው። መብራቱ ሲሄድ እኔ ጋ ሳይጫን የቀረው ይህ ነበር። ሳላነባቸው ያለፍኳቸው መስመሮችም የሚሉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የሰጠሁት ትዕዛዝ፣ ሱዶ ዲ-ፒ-ኬ-ጂ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ኮንፊገር፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ኤ፣ የተጀመረውን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አያመጣም። የሚያመጣው ሱዶ ኤ-ፒ-ቲ፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ፊክስ ሰረዝ ብሮክን፣ ክፍት ቦታ፣ ኢንስቶል ነው። ሁለቱንም በዚህ ቅደም ተከተል አስኪዷቸው። «ሱዶ» ማለት ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪደው ማለት ነው። ፓኬጁ ቀድሞ ወርዶ ከሆነ ኢንተርኔት እንኳ ላይጠይቅ ይችላል። ሪስታርት አድርጌ በ6.8 ስገባ ድምፁ ነበር።

ፓኬጆቹ ተሟልተው እያሉ ካርዱ ካልታየ፣ ላፕቶፑም አዳዲስ ከሚባሉት ኢንቴሎች ከሆነ፣ ሶፍ የሚባለውን ፈርምዌር፣ ማለትም የድምፅ ቺፑ ራሱ የሚሠራበትን ፋይል፣ ጠርጥሩ። ሱዶ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ፣ ቀጥ ያለችው መስመር፣ ጂ-አር-ኢ-ፒ፣ ሰረዝ አይ፣ ኤስ-ኦ-ኤፍ። ፈርምዌሩን መጫን አልቻልኩም ብሎ «ኢረር −2» ካለ ፋይሉ የለም ማለት ነው። «ፈርምዌር ሰረዝ ሶፍ ሰረዝ ሳይንድ» የሚለውን ፓኬጅ በኤ-ፒ-ቲ ጫኑ።

ካርዱ ከታየ ግን ድምፅ ከሌለ፣ አልሳሚክሰር ብላችሁ ክፈቱ፤ አንድ ላይ ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ ሲከፈት ማስተር የሚል አንድ ዘንግ ብቻ ያሳያችኋል። እዚያ ላይ አትቁሙ። ኤፍ 6 ተጫኑና ትክክለኛውን ካርድ ምረጡ። አሁን ስፒከር፣ ሄድፎን፣ ሌላም ሌላም ይደረደራል። ከዘንጉ ሥር ኤም-ኤም የሚል ካለ ተዘግቷል። ኤም ስትጫኑ ወደ ሁለት ዜሮ ይለወጣል፤ ያ ክፍት ነው። የላይ ቀስቱን እየተጫናችሁ ከፍ አድርጉት። ጆሮ ማዳመጫ ሳይሰካ ስፒከሩ ዝም ካለ «ኦቶ ሚዩት» የሚለውን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ይህም ደህና ከሆነ ወደ ፓይፕዋየር ውጡ። ደብልዩ-ፒ-ሲ-ቲ-ኤል፣ ክፍት ቦታ፣ ስታተስ። ብዙ ይዘረግፋል፤ እናንተ «ሲንክስ» የሚለውን ፈልጉ። መውጫዎቹ እዚያ ናቸው። ኮከብ ያለበት አሁን ድምፅ የሚላክበት ነው።

የአክስቴ ልጅ ደውሎ «እታለም፣ የኔም ዲዳ ሆነ» ያለኝ በዚህ ነው። ካርዱ አለ፣ አልሳሚክሰር ክፍት ነው። «ኮከቡ የት ነው ያለው?» አልኩት። «ኤችዲኤምአይ ላይ።» ላፕቶፑን ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ኳስ ያይበት ነበር። ድምፁ ወደሌለ ቴሌቪዥን እየሄደ ነው። ስፒከሩ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ደብልዩ-ፒ-ሲ-ቲ-ኤል፣ ሴት ሰረዝ ዲፎልት፣ ከዚያ ስፒከሩ አጠገብ ያለውን ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ቁጥሩ ሊለዋወጥ ስለሚችል የሰው አትቅዱ፤ የራሳችሁን እዩ። እሱ ጋ ስፒከሩ ጭራሹን አልነበረም። ፓቩኮንትሮል የሚባለውን ፕሮግራም አስጫንኩት። «ኮንፊገሬሽን» በሚለው ታብ የካርዱ ፕሮፋይል ኤችዲኤምአይ ላይ ተቀምጧል። «አናሎግ ስቴሪዮ ዱፕሌክስ» ሲያደርገው ከስልኩ ማዶ የኳስ ጩኸት ሰማሁ።

ደብልዩ-ፒ-ሲ-ቲ-ኤል ራሱ መገናኘት አልቻልኩም ካለ አገልግሎቱ አልተነሳም። ሲስተምሲቲኤል፣ ሁለት ሰረዝ ዩዘር፣ ሪስታርት፣ ከዚያ ፓይፕዋየር፣ ፓይፕዋየር ሰረዝ ፐልስ፣ ዋየርፕላምበር፤ በየመካከላቸው ክፍት ቦታ። ሱዶ አትጨምሩበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አገልግሎቱ የተጠቃሚው ስለሆነ በሱዶ ካዘዛችሁት የሩትን፣ ማለትም የአስተዳዳሪውን፣ ይፈልጋል እንጂ የእናንተን አያገኝም።

ከዚያ ፒ-ኤ-ሲ-ቲ-ኤል፣ ክፍት ቦታ፣ ኢንፎ በሉ። «ሰርቨር ኔም» በሚለው መስመር «ፐልስኦዲዮ ኦን ፓይፕዋየር» ካለ ልክ ነው፤ ለድሮዎቹ ፕሮግራሞች ሲል ነው በፐልስኦዲዮ ስም የሚጠራው። ፐልስኦዲዮ ብቻውን ከሆነ አሮጌው አልወጣም፣ ሁለቱ ቦታ እየተሻሙ ነው። የተጠቃሚውን ፐልስኦዲዮ አገልግሎትና ሶኬት የሚባለውን መቀስቀሻውን ሁለቱንም በሲስተምሲቲኤል ማስክ አድርጉ፣ ማለትም እንዳይነሱ ዝጓቸው፤ ከዚያ ሪስታርት። ግትር ብሎ የቀረ የድሮ ምርጫ ካለም በሆም ፎልደራችሁ፣ ነጥብ ሎካል፣ ስቴት ሥር ያለውን የዋየርፕላምበር ፎልደር ስሙን ለውጡት። አታጥፉት፤ ስም መለወጡ ይበቃል። ሲነሳ ራሱ አዲስ ይፈጥራል።

በመጨረሻ ስፒከር ሰረዝ ቴስት፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ቲ፣ ዌቭ በሦስት ፊደል፣ ማለትም ደብልዩ-ኤ-ቪ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ሲ፣ 2። አንዲት ሴት በግራ «ፍሮንት ሌፍት»፣ በቀኝ «ፍሮንት ራይት» ትላለች። ግራና ቀኙን በደንብ አድምጡ። እኔ ጠያቂውና ተጠያቂው በየጎናቸው የተቀረጹበት ቅጂ ስላለኝ ይህን አልዘለውም። ለማቆም ኮንትሮል ሲ።

ይህ ሁሉ አልፎም ዝም ካለ አልሳ ሰረዝ ኢንፎ፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ኖ ሰረዝ አፕሎድ በሉ። ስለ ካርዱ፣ ስለ ከርነሉና ስለ ሚክሰሩ ያለውን በሙሉ አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ያወጣል። የሚያውቅ ሰው ስትጠይቁ «ድምፅ እምቢ አለኝ» ብቻ አትበሉት፤ ያን ፋይል ላኩለት። ላፕቶፑን ሳይነካ የት እንደቆመ ያየዋል።